ኤቨረስትንና ሎትሴን በአንድ ጉዞ፦ «ጥንድ መውጣት» ምንድን ነው?

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ከኔፓል ከሚመጡት የተራራ ዜናዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ እገሌ የዓለምን ረጅሙን ተራራ ኤቨረስትን ወጣ፤ በማግስቱ ደግሞ በከፍታው አራተኛ የሆነውን ሎትሴን። ከሩቅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ለማመን ይከብዳል። አንዱን ተራራ ለመውጣት ሰዎች ዓመታት ይዘጋጃሉ፣ ቤት የሚያሠራ ገንዘብም ይከፍላሉ። ታዲያ ሁለተኛው በአንድ ቀን ልዩነት እንዴት ይገኛል? ከጉብዝና በፊት መልክዓ ምድሩን ማየት ይጠቅማል።

ኤቨረስት 8,848.86 ሜትር፣ ሎትሴ 8,516 ሜትር ከፍታ አላቸው። ሁለት ስም ይኑራቸው እንጂ ከአንድ ግዙፍ የተራራ አካል የወጡ ጎረቤታም ጫፎች ናቸው። በመካከላቸው፣ 7,900 ሜትር ግድም ላይ፣ ሳውዝ ኮል የሚባል ነፋስ የማይለየው ዝቅ ያለ ሜዳ አለ። ከኔፓል በኩል ወደ ኤቨረስት የሚሄድ ሰው በተራራው ግርጌ ካለው ዋና ሰፈር፣ ከቤዝ ካምፕ፣ ተነስቶ ኩምቡ የተባለውን የተሰባበረ የበረዶ ግግር ያቋርጣል። ካምፕ 1ንና ካምፕ 2ን አልፎ በሎትሴ ምዕራባዊ ገጽ ላይ የቆመውን የበረዶ ግድግዳ በገመድ ይወጣል፤ ካምፕ 3 የሚተከለውም በዚሁ ግድግዳ ላይ፣ ከ7,000 ሜትር በላይ፣ በረዶው ተፈልጦ በሚዘጋጅ ጠባብ እርከን ነው። እስከዚህ ድረስ የኤቨረስቱም የሎትሴውም መንገደኛ አብረው ናቸው። መንገዱ የሚለየው ከዚያ በላይ ነው፤ የኤቨረስቱ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ሳውዝ ኮል ያመራል፣ የሎትሴው ሽቅብ ይቀጥላል። ስለዚህ በዚህ በኩል ኤቨረስትን የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ አሰበውም አላሰበው፣ የሎትሴን አብዛኛውን መንገድ ሄዶበታል።

ጥንድ መውጣት ማለት ይህን የጋራ መንገድ መጠቀም ነው። አንድ ቡድን በአንድ ቤዝ ካምፕ፣ በአንድ የዝግጅት ጊዜና በአንድ የሠራተኛ ኃይል ሁለት ጫፎችን ይሞክራል። ከቲቤት በኩል ኤቨረስትን የሚወጣ ሰው ይህ ዕድል የለውም፤ ሎትሴ ያለው በስተደቡብ ነው።

ሐሳቡ የዛሬ አስጎብኚ ድርጅቶች ፈጠራ አይደለም። በአልበርት ኤግለር የተመራ የስዊዘርላንድ ቡድን እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1956 ኤርንስት ራይስንና ፍሪትዝ ሉክሲንገርን ሎትሴ ጫፍ ላይ አደረሰ። ከዚያ በፊት ያንን ጫፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት ከዚሁ ቡድን አራት ሰዎች፣ ሁለቱ በ23፣ ሁለቱ በ24፣ ኤቨረስት ላይ ቆሙ፤ በ1953 ኤቨረስትን መጀመሪያ ከወጡት ከሂላሪና ከቴንዚንግ በኋላ እዚያ የደረሱ ቀጣዮቹ ሰዎች እነርሱ ነበሩ። ቡድኑ ሁለቱንም ተራሮች ሲያገኝ ከአባላቱ ግን ሁለቱንም የረገጠ አልነበረም። ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል፤ የአንዱ ስኬት ለሁሉም የሚቆጠርበት ዘመን ነበርና። ዛሬ ደንበኛው የሚከፍለው ሁለቱም በራሱ ስም እንዲጻፉለት ነው።

አሁን ነገሩ ሲነገር የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ፣ አንባቢም ይምታታበታል። አንዱ ኤቨረስትን ወጥቶ ቤዝ ካምፕ ይወርዳል፣ ጥቂት ቀን አርፎ፣ ጠግቦ በልቶና ተኝቶ ለሎትሴ ይመለሳል። ሌላው ከኤቨረስት ወደ ሳውዝ ኮል ወርዶ፣ እዚያው አድሮ ወይም ጥቂት ሰዓት ተኝቶ፣ በዚያው ወደ ሎትሴ ይዞራል። ድካሙም አደጋውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አሜሪካዊው የተራራ መሪ ማይክል ሆርስት እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ታችኞቹ ካምፖች ሳይመለስ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ከ21 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲደርስ ትልቅ ዜና ሆኖ ነበር። በ2019 ኔፓላዊው የቀድሞ ወታደር ኒርማል ፑርጃ ሁለቱንም ሜይ 22 በአንድ ቀን ረግጦ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ማካሉ የተባለ ሌላ ተራራ ጫፍ ላይ ተገኘ። ድርጅቶች ለደንበኛ የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ሳይወርዱ የሚደረገውን ዓይነት ነው፤ ፍጥነቱ ግን የሆርስትም የፑርጃም አይደለም።

ጉዞው ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ አብዛኛውም መጠበቅ ነው። መንገደኛው በ2,860 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ሉክላ በእግሩ ተነስቶ ከሳምንት በላይ ተጉዞ 5,364 ሜትር ላይ ያለው ቤዝ ካምፕ ይደርሳል። እዚያ ድንኳኑን ሲተክል ከራስ ዳሽን ጫፍ በ800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ ተራራው ግን ገና አልተጀመረም። ከዚያ ወደ ላይኞቹ ካምፖች እየወጣ፣ አድሮ እየተመለሰ ሰውነቱን ከቀጭኑ አየር ጋር ያላምዳል። ደሙ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ አተነፋፈሱም ይለወጣል። የአገሩ ሰዎች ግን በሌላ መንገድ ነው የተላመዱት፤ የቲቤትና የሸርፓ ሕዝቦች ሄሞግሎቢን እንደ እንግዳው ከፍ አይልም። የእኛም ደጋ በዚህ ጥናት ውስጥ ስሙ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው የኦክስጅን መጠንም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይርቅ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከቲቤትም ከአንዲስም ተራሮች ሰዎች የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ነው።

ከ8,000 ሜትር በላይ ግን መላመድ ብሎ ነገር የለም። በኤቨረስት ጫፍ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰው እዚያ የሚቆየው እየደከመ ነው፤ ምግብ አይበላለትም፣ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ቁስል አይድንለትም። ጥንድ መውጣት ከነጠላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታና በአካባቢው ተጨማሪ ሌሊት ያሳድራል። «አንድ ቀን ብቻ ጨምረው ሁለተኛ ተራራ ያግኙ» የሚለው ማስታወቂያ በቀን ቆጠራው ትክክል ነው፣ ያ ቀን የት እንደሚውል ግን አይናገርም።

ነገሩ በደንብ የሚገባው መንገደኛው የሚተነፍስበት የኦክስጅን ሲሊንደር ሲቆጠር ነው። የተለመደው ባለ አራት ሊትር የኦክስጅን ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 1,200 ሊትር ያህል ይይዛል። በደቂቃ 2 ሊትር ቢለቀቅ አሥር ሰዓት፣ 4 ሊትር ቢለቀቅ አምስት ሰዓት ያገለግላል። ከሳውዝ ኮል ወደ ኤቨረስት ጫፍ ደርሶ መመለስ ለብዙ ደንበኞች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አሁን ከጫፉ በታች ያለው ጠባብ ሸንተረር ላይ ሰልፍ ይኑር፤ አየሩ ጥሩ በሆኑ ጥቂት ቀናት ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚነሳ ሰልፍ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ሰዓት ቆሞ የጠበቀ ሰው በደቂቃ 2 ሊትር ሂሳብ 240 ሊትር አንድ እርምጃ ሳይራመድበት ተነፈሰው። ሳውዝ ኮል ሲመለስ ለሎትሴ የታሰበው ተነክቷል፣ ወይም የሚያድርበት የለውም። ብዙ ሎትሴዎች የሚቀሩት ሎትሴ ላይ ሳይሆን ኤቨረስት ላይ ቆሞ በመጠበቅ ነው።

ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደንበኛው ከአገሩ ሲነሳ በልቡ ያለው ኤቨረስት ነው፣ ስለዚህ ጉልበቱና ኦክስጅኑ ሳያልቁ ያ ይቀድማል። ሎትሴ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

በዚህ በተረፈ ጉልበት የሚሄደው ሰው ደግሞ የሚገባበት ቦታ ቀላል አይደለም። የሎትሴ የመጨረሻ ካምፕ 7,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ 700 ሜትር የሚጠጋው መንገድ አብዛኛው በሁለት የድንጋይ ግድግዳ መካከል በተሰነጠቀ ጠባብ አሸንዳ ይሄዳል። ከላይ ያለው ሰው የነካው ድንጋይና በረዶ መሄጃው አንድ ነው፣ ከታች ያለውም መሸሻ የለውም፤ ለዚህ ነው ራስ ቁር እዚህ የማይታለፈው። ጫፉም ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ሹል ነው። ሎትሴን «ትንሹ» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች ሰልፉ አጭር መሆኑን እንጂ ቁልቁለቱን ያሰቡት አይመስለኝም።

አደጋው በተለይ መውረድ ላይ ነው። ገመዱ በየተወሰነ ርቀት በረዶው ውስጥ በተቸነከረ ብረት ይታሰራል። ወራጁ ወገቡ ላይ ሁለት ማያያዣዎች አሉት። ብረቱ ጋ ሲደርስ አንዱን ፈትቶ ከብረቱ ማዶ ያስራል፣ ያ መያዙን አይቶ ሁለተኛውን ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። አንድም ጊዜ ሁለቱ አንድ ላይ መፈታት የለባቸውም። ቀላል ነው። ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ስምንት ሺህ ሜትር ላይ የነበረ ሰው፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ በወፍራም ጓንት፣ ጭንብሉ የእጁን እይታ ከልሎበት ይህን በአንድ ቁልቁለት ደጋግሞ ይሠራዋል። ጥሩ መሪ ደንበኛው በዚህ ቦታ እጁ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያያል፤ ሳውዝ ኮል ላይ «ደህና ነኝ» ያለውን ቃል ሳይሆን ይህንን ነው የሚያምነው።

ስለ ሸርፓዎች፣ በተራራው ላይ ዕቃ ስለሚያወጡትና ደንበኛውን ስለሚያጅቡት የአገሩ ሠራተኞች፣ ሳይነሳ የዚህ ጉዞ ሂሳብ አይዘጋም። ለደንበኛው ሁለተኛው ጫፍ ኩምቡን አንድም ተጨማሪ ጊዜ አያሻግረውም፤ ውበቱ ይህ ነው ተብሎ ይሸጣል። ለሎትሴ የሚሆነው ድንኳን፣ ምግብ፣ ምድጃና ሲሊንደር ግን በራሱ አይወጣም። በዚያ የበረዶ ግግር ውስጥ በአሉሚኒየም መሰላሎች ላይ እየተረማመደ የሚያጓጉዘው ሠራተኛው ነው፣ የሚመላለሰውም ከደንበኛው እጅግ በበለጠ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2014 በዚያ ስፍራ የወረደው የበረዶ ናዳ የገደላቸው 16ቱም ኔፓላውያን ሠራተኞች ነበሩ። በእኔ እይታ በጥንድ መውጣት የሚጨምረው ዋነኛ ነገር የደንበኛው ክብር አይደለም፤ የሌላ ሰው ሸክምና በኩምቡ ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓት ነው። ለዚህ ሥራ ለሸርፓው የተለየ ክፍያ የማያስብ ድርጅት ዋጋው የረከሰበት ምክንያት ግልጽ ነው።

ለሁለቱ ተራሮች ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል። በጸደይ ወራት ለውጭ ዜጋ የኤቨረስት ፈቃድ ለዓመታት 11,000 ዶላር፣ የሎትሴው 1,800 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የኤቨረስቱ 15,000 ዶላር ሆኗል፣ የሎትሴውም ጨምሯል። የሎትሴ ፈቃድ ከኤቨረስቱ ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ማነሱ ብዙዎችን «እዚህ ድረስ ከመጣሁ» የሚያሰኛቸው ነገር ነው።

ሌሎች ጥንዶችም አሉ። በቲቤት ቾ ኦዩና ሺሻፓንግማ በአንድ ጉዞ ይሞከራሉ፣ ሆኖም መንገድ አይጋሩም፤ በመካከላቸው የመኪና ጉዞ አለ። ከሂማላያ ውጭ በካራኮረም፣ ራይንሆልድ ሜስነርና ሃንስ ካመርላንደር እ.ኤ.አ. በ1984 ጋሸርብሩም የተባሉትን ሁለት ጎረቤታም ተራሮች ወደ ቤዝ ካምፕ ሳይመለሱ አከታትለው ወጥተዋል፣ ያ ግን መንገድ መሪና ደንበኛ ያለበት ነገር አይደለም። ለጀማሪ የሚሆነው 6,476 ሜትር ያለው ሜራና ከ6,100 ሜትር በላይ የሆነው አይላንድ ፒክ ጥንድ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው አምፉ ላፕቻ የተባለ ከባድ መተላለፊያ ብቻውን አንድ ተራራ ይመዝናል።

ኤቨረስትና ሎትሴን ለሚያስብ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የሎትሴ ኦክስጅን ከመጀመሪያው ለብቻው ተቆጥሮ ሎትሴ ካምፕ ላይ ይቀመጣል ወይስ ከኤቨረስት በሚተርፈው ይታሰባል? ሁለተኛውን ጫፍ አብሮ የሚወጣው ሸርፓ ኤቨረስት ላይ የነበረው ራሱ ነው ወይስ ያረፈ ሌላ ሰው? ሎትሴ ቢቀር ምን ይመለሳል? የፈቃዱ ገንዘብ እንደማይመለስ ያወቀ ደንበኛ ሳውዝ ኮል ላይ ሆኖ ለመተው ይከብደዋል፣ ስለዚህ የመተው ሥልጣን ከእርሱ ወጥቶ በውሉ ላይ ለመሪው መሰጠት አለበት። ይህ በጽሑፍ ካለም አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ውሳኔውን የሚሰጠው መሪ በዚያች ሰዓት ከደንበኛው ጎን ሆኖ እጁን እያየ ነው ወይስ ቤዝ ካምፕ ተቀምጦ በሬዲዮ እየሰማ?