የሸክላ መብራት በጥንቱ የይሁዳ ምድር

መብራት አብርቶ ከእንቅብ በታች የሚያኖር የለም የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ኩራዝ ወይም ፋኖስ ቢታየው አይገርምም። በዘመኑ በይሁዳና በገሊላ ቤቶች ይበራ የነበረው ግን መዳፍ ላይ የሚያርፍ የሸክላ ዕቃ ነው፤ እንቅብ ቢደፉበት ከነነበልባሉ ይሰወራል። ብርሃኑም ከአንድ ሻማ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ በመቅረዝ ላይ፣ አለዚያም ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለ ትንሽ ማስቀመጫ ከፍ አድርገው ያኖሩት ነበር።

የመብራቱ መነሻ ተራ ሳህን ነው። ሸክላ ሠሪው ጭቃው ሳይደርቅ የሳህኑን ከንፈር በጣቶቹ ቆንጠጥ ያደርገዋል፤ ክሩ የሚጋደመው በዚያ ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 ዓመት ቀደም ብሎ በከነዓን አራት አፍ ያለው መብራት ተለምዶ ነበር፤ ኋላ አንድ አፍ ያለው ጸና። ክፍት ሳህን በመሆኑ ሲያነሱት ዘይቱ ይፈስሳል፣ ዝንብም ይገባበታል። በግሪኮች ዘመን ላዩ ተዘግቶ ለዘይት መጨመሪያ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረችለት፤ በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ በብዛት መሠራትም ጀመረ። የሮማውያኑ መብራት አናቱ ላይ የአማልክትና የግላዲያተሮች (በአደባባይ የሚፋለሙ ተጋዳዮች) ምስል ይቀረጽበት ነበር። ምስል የማይወዱ አይሁድ ግን መብራቱን ገዝተው አናቱን ሰብረው ይጠቀሙበት እንደነበር ከተገኙት ስብርባሪዎች ይታያል። ገንዘባቸውን የከፈሉበትን ዕቃ ከመጣል ይህ ይሻላል።

ክሩ በአብዛኛው ከተልባ ቃጫ ይገመዳል። ዘይቱን በተመለከተ በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ ሚሽና የሰሊጥና የዓሣ ዘይትን ለሰንበት መብራት ሲፈቅድ፣ ረቢ ታርፎን ከወይራ ዘይት ሌላ አይሆንም ብለው ተከራክረዋል። በግብፅ ደግሞ የጉሎ ዘይት ይነድ ነበር፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ለመብራት ከወይራው እንደማያንስ፣ ሽታው ግን ከባድ እንደሆነ ጽፏል። ያው ሚሽና የእንቁላል ቅርፊት በስቶ፣ ዘይት ሞልቶ፣ ጠብ ጠብ እንዲል በመብራቱ አፍ ላይ ማስቀመጥን በሰንበት ይከለክላል። ክልከላው ራሱ ሰው በብልሃት ሌሊቱን ለማራዘም ይሞክር እንደነበር ይነግረናል፤ የመብራቱ ሆድ ትንሽ ነበርና።

መብራቱ በርቶ እንደነበር ለመሬት ቆፋሪው ተመራማሪ ዋናው ምስክር የአፉ ጥላሸት ነው። ከቤት ፍርስራሽ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ጠቁሮ ነው። በመቃብር ውስጥ አፉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ግን አንድም ቀን ሳይበራበት ለሟቹ የተቀመጠ ነው ተብሎ ይገመታል።