ቀላል ዴስክቶፕ ምንድን ነው?

«ቀላል ሊኑክስ ጫንበት፤ አሮጌው ኮምፒውተርህ አዲስ ይሆናል» የሚለው ምክር በየጊዜው ይደጋገማል (ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ስርዓተ ክወና ነው)፤ ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ግን ዴስክቶፑን በላዩ ከሚከፈቱት ፕሮግራሞች አይለዩም። ቀላል ዴስክቶፕ መስኮቶችን፣ ሜኑውንና የፋይል ማሳያውን በጥቂት ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ የሥራ ማህደረ ትውስታ) የሚያስተናግድ የሶፍትዌር ስብስብ ነው፤ ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ የዚህ ዓይነት ናቸው። በብራውዘሩ ላይ ግን ምንም ሥልጣን የለውም።

አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚይዘው ራም ከ200 ሜጋባይት በታች መሆኑን በማሳየት ክርክሩን የቋጨ መስሎታል። ሆኖም ባዶ ዴስክቶፕ ለማየት ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው የለም። 1 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ፋየርፎክስ ተከፍቶ ጥቂት ከባድ ገጾች ሲታዩበት፣ በዴስክቶፑ የተቆጠበው ሁሉ ወዲያው ያልቃል። ያረጀች በቅሎ ኮርቻዋ ቢቀልላት ይጠቅማታል፤ ጭነቷ ግን ያው ነው። ጭነቱ ከአቅሟ ሲያልፍ ከፊሉን መንገድ ዳር አራግፋ እየተመላለሰች ለመውሰድ ትገደዳለች፤ ስዋፕ የሚባለው፣ ማለትም ራም ሲሞላ ከፊሉን ወደ ዲስክ ማዛወር፣ ይኸው ነው፣ የምትመላለስበትም መንገድ ሃርድ ዲስኩ ነው። ስለዚህ ራም መጨመር፣ ካልሆነም የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መተካት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዴስክቶፕ ከመቀያየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ዚራም የተባለው ዘዴ ደግሞ ጭነቱን እዚያው ጀርባዋ ላይ፣ ማለትም ራሙ ውስጥ፣ አምቆ ያሳንሰዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ፕሮሰሰሩ ስለሆነ በጣም ደካማ በሆነ ማሽን ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል።

የራም አኃዞችን ለማወዳደር የሚፈልግም ቢሆን፣ ሊኑክስ ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ራም ለፋይል መሸጎጫ እንደሚጠቀምበት፣ ፕሮግራም ሲፈልገውም እንደሚለቀው ማስታወስ አለበት፤ መታየት ያለበት ባዶ የሆነው ሳይሆን ሊገኝ የሚችለው መጠን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ነው፦ አሮጌው የ32 ቢት ዓይነት ነው ወይስ አዲሱ የ64 ቢት? ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መዘጋጀቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ቆሟል፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 (ዴቢያን ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው) ለ32 ቢት ማሽኖች መጫኛ አያቀርብም፤ ፋየርፎክስም ከ144ኛው እትም በኋላ ይህን ዘርፍ ትቶታል። የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ብራውዘር የባንክ ሒሳብ መክፈት አደገኛ ነው፤ የዴስክቶፑ ቅለትም ይህን አይፈታውም። በአንጻሩ ኮር 2 ዱኦ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች 32 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖባቸው በመሸጣቸው ምክንያት ብቻ 32 ቢት ናቸው ተብለው ይጣላሉ፤ ፕሮሰሰሩ ግን 64 ቢት ነው፣ የዛሬውን ዴቢያንም ይቀበላል።