የጎረቤት ምርምር ምንድን ነው?

ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ይከፍታል። ስሙን ያገኛል፣ ይደሰታል፣ ገጹን ይዘጋል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ስም በላይና በታች የሰፈሩት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው። በእነሱ በኩል ዞሮ ቅድመ አያትን ማወቅ የጎረቤት ምርምር ይባላል። በእንግሊዝኛው ቃል «ክላስተር» (ስብስብ) የሚሉትም አሉ።

ቆጣሪው ቤት ለቤት እያንኳኳ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ገጹ ላይ ያለው ተራ ቆጣሪው የሄደበት መንገድ ነው። የአሜሪካን መዝገብ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1850 የነጻ ሰዎች ሁሉ ስም መጻፍ ተጀመረ፤ ማን የማን ልጅ ወይም ሚስት እንደሆነ መጠየቅ የተጀመረው ግን በ1880 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ዝምድናን የሚጠቁመው አንዳንዴ ጉርብትና ብቻ ነው። ሁለት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩት ሽማግሌ ባልና ሚስት የቅድመ አያታችሁ አማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ሊሆኑ ይችላሉ ነው ያልኩት፤ ማረጋገጫው የጋብቻ ወይም የኑዛዜ መዝገብ ነው።

የትውልድ ቦታ የሚለውን ዓምድም ወደ ታች አንብቡት። የአንድ መንገድ ሰዎች ግማሾቹ ከአንድ አገር የመጡ ከሆኑ ተጠራርተው ሳይሰደዱ አይቀሩም። የእናንተ ሰው የመጣበት ካልታወቀ የጎረቤቶቹን መነሻ ፈልጉ።

እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ግን ሌላ ነው። ቆጣሪው ስሙን አበላሽቶ ጽፎት ፍለጋው እምቢ ሲል፣ ባለፈው ቆጠራ አጠገቡ የነበረውን ጎረቤት ፈልጉ። ከተገኘ፣ ያንን ገጽና ዙሪያውን መስመር በመስመር እዩ። የጠፋው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው።

ተራውን ግን እንዳለ አትመኑት። ቆጣሪው መንገድ ይሻገራል፣ ማዕዘን ይዞራል። በ1940ው ቆጠራ ቤታቸው ያልተገኙ ሰዎች ከ61ኛው ገጽ ጀምሮ ለብቻ ነው የተመዘገቡት። እነሱን ከመደዳው ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም።

እዚያው መዝገብ ላይ ከአንዳንድ ስሞች አጠገብ በክብ የተከበበ የኤክስ ምልክት አለ። ለቆጣሪው መልስ የሰጠው እሱ ነው ማለት ነው። መልሱን የሰጠው የውጭ ሰው ከሆነ ስሙ ኅዳጉ ላይ ይጻፋል። የቅድመ አያታችሁ ዕድሜ በሦስት ዓመት ከተዛባ ኅዳጉን እዩ፤ ገምቶ የተናገረው ጎረቤት ሊሆን ይችላል።