ጌም ዴቨሎፐር ምንድን ነው?

ጌም ዴቨሎፐር በስልክ፣ በኮምፒውተር ወይም በቴሌቪዥን የምንጫወተውን ጌም ከሐሳቡ ጀምሮ ተጫዋቹ እጅ እስኪገባ ድረስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ልጃቸው ይህን ሙያ መረጥሁ ያላቸው የደብረ ማርቆስ እናት «ታዲያ ሲጫወት ሊውል ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሥራው ግን ከጨዋታ ይልቅ ለሙግት ይቀርባል። ገበጣን ወደ ስልክ ላስገባ ያለ ሰው የሚገጥመውን እንይ።

ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያለውን ዓይነት እንውሰድ፤ በድምሩ 48 ጠጠር ማለት ነው። የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጥላ ሥር የተቀመጡ እረኞች ባይስማሙ ታላቅየው ይዳኛቸውና ጨዋታው ይቀጥላል። ኮምፒውተር ግን አስቀድሞ ያልተነገረውን አያውቅም። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ብትገባ ምን ይሆናል? ተራው የደረሰው ሰው በረድፉ አንድም ጠጠር ባይኖረውስ? መሸነፉን ያየ ተጫዋች ተናድዶ ስልኩን ቢዘጋውስ? ይህን ሁሉ መወሰን የጌም ዲዛይነሩ ድርሻ ነው፤ ፕሮግራመሩ ውሳኔውን ወደ ኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ይለውጠዋል። ሠዓሊው ገበጣውን ይስላል፤ ድምፅ የሚሠራው ጠጠር ስትወድቅ የምታሰማውን ይቀዳል፤ ሞካሪው ደግሞ ጌሙን ሆን ብሎ ለማበላሸት ይለፋል።

ብቻውን ለሚጫወት ሰው ኮምፒውተሩ ባላጋራ መሆን አለበት። በአንድ ተራ ቢበዛ 6 ምርጫ ስላለ አራት ተራ ወደፊት ማየት እስከ 1,296 መንገድ መፈተሽ ይሆናል። ይህ ለስልክ ምንም አይደለም። ከባዱ ነገር ባላጋራውን ማለዘብ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ማሽን ተጫዋቹን ያባርራል። ስለዚህ ጎበዙ ዴቨሎፐር ኮምፒውተሩን አልፎ አልፎ፣ ደግሞም ሳያስነቃ፣ እንዲሳሳት ያደርገዋል።

በትልልቅ ኩባንያዎች አንድን ጌም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠሩታል። አንድ ሰው ብቻውን አይችልም ማለት ግን አይደለም። «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን የእርሻ ጌም አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ኮዱንም ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ አቅርቦታል። አራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ፈጅቶበታል። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ስንት ጊዜ እንደሚታረስ የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ ልጅ ስለ እርሻ የሚለው አያጣም ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥም ቅኔ ጌምስ የተባለ ኩባንያ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሠርቷል።

ሁሉን ነገር ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ጌም ኢንጂን የሚባለው ሶፍትዌር ሥዕል ማሳየቱን፣ ድምፅ ማጫወቱንና የጣት ንክኪ መቀበሉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዩኒቲና አንሪል የታወቁ ናቸው። ለጀማሪ ጎዶትን እመርጣለሁ፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ከወረደ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የነበረ ሰው የዚህን ጥቅም አያቃልልም።

ኮድ መጻፉን እንደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በሶፍትዌር ምሕንድስና መማር ይቻላል። ቀጣሪ ከዲግሪው ይልቅ ተሠርቶ ያለቀ ጌም ማየት ይወዳል፤ ትንሽም ቢሆን ያለቀ።

ገንዘቡስ? ጌሙን በስልክ መተግበሪያ መደብሮች ለማውጣት ጎግል ፕሌይ ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላሉ። ገና ትንሽ ለሆነ ዴቨሎፐር ሁለቱም ከሽያጩ 15 ከመቶ ይወስዳሉ። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ በመሆኑ በብር ለሚኖር ጀማሪ የመጀመሪያው ፈተና ኮዱ ላይሆን ይችላል። ጌሙ በነፃ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ገቢው ከማስታወቂያና በጌሙ ውስጥ ከሚሸጡ ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ ያም ብዙ ተጫዋች ይፈልጋል። እስከዚያው ያው ሙያ የሞባይል መተግበሪያና ድረ ገጽ ለሚያሠሩ ድርጅቶች ይሸጣል፤ ጌሙ ለማታ ይቆያል።