ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ቦይ

ሴፕቲክ ታንክ የፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ቦታ፣ በተለይ በገጠር ለሚሠራ ቤት፣ ከመጸዳጃ፣ ከመታጠቢያና ከማድቤት የሚወጣውን ፍሳሽ እዚያው ግቢ ውስጥ ለመቀበል የሚቀበር ውሃ የማያሳልፍ ገንዳ ነው። ገንዳው ጠጣሩን ከፈሳሹ ይለያል፤ ፍሳሹን በትክክል የሚያጸዳው ግን ቀጥሎ ያለው ማስረጊያ ቦይ፣ ማለትም የተበሳ ቱቦ ተዘርግቶበት ፍሳሹን ወደ አፈር የሚያሰርገው ቦይ፣ እና ከሥሩ ያለው አፈር ነው። ስለዚህ ታንክ ብቻ አስቀብሮ «ሴፕቲክ አሠራሁ» የሚል ሰው የሥራውን ግማሽ ነው ያሠራው።

የዘዴው ታሪክ በጽሑፍ የሚጀምረው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የቬሱሉ ዣን ሉዊ ሙራስ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ የቤት ፍሳሽ የሚቀበል የግንብ ገንዳ ሠራ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲከፈት ይጠበቅ የነበረው የጠጣር ክምር አልተገኘም፤ አብዛኛው ሟሙቶ ነበር። ሙራስ በሳይንስ ጽሑፎቻቸው በሚታወቁት ካህን በአባ ፍራንሷ ሙዋኞ እየታገዘ በ1881 የፈጠራ መብት አገኘ። ስሙን ያወጣው ግን የኤክሰተር ከተማ ቀያሽ የነበረው እንግሊዛዊው ዶናልድ ካሜሮን ነው። በ1895 የሠራውን የተከደነ ገንዳ መበስበስን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ተነሥቶ «ሴፕቲክ ታንክ» አለው፤ ከገንዳው የሚወጣውን ጋዝም ለማጣሪያው ግቢ መብራት አዋለው። በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ በአሜሪካ ከተሞችን የመብት ክፍያ እየጠየቀ ለዓመታት ተካሰሰ። በ1908 ሳራቶጋ ስፕሪንግስን ረታ፤ በ1913 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖክስቪል ክርክር የአሜሪካው መብት ከእንግሊዙ ጋር አብሮ አብቅቷል ብሎ ወሰነ። ቀዳሚው ማን ነው ለሚለው፣ ገንዳው የሙራስ፣ ስሙ የካሜሮን ነው ማለት ሳይሻል አይቀርም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘዴው ከከተማ ውጭ በሚሠሩ ቤቶች በስፋት ተዛመተ።

ፍሳሹ ታንኩ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱ ተንሳፎ ቅርፊት ይሠራል፤ መሃል ላይ በመጠኑ የጠራ ውሃ ይቀራል። አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ይቀንሱታል እንጂ አይጨርሱትም። መውጫው ላይ ወደ ታች የሚወርደው የቲ ቅርጽ ቱቦ ቁራጭ ተራ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና የመሃሉን ውሃ ብቻ አሳልፎ ቅባቱን የሚያስቀረው እሱ ነው። ይህችን ቁራጭ የዘለለ ግንበኛ ቦዩን ከወዲሁ ደፈነው ማለት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከታንኩ ሳይሆን ከአፈሩ ነው። ቦዩ በሚያርፍበት ጥልቀት ጠባብ ጉድጓድ ይቆፈራል። አካፋ የጉድጓዱን ግድግዳ ስለሚለስነው በምስማር ወይም በቢላ ይቧጨራል፤ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይደረግና ውሃ ሞልቶ ያድራል። በማግስቱ ውሃ እየተጨመረ የሚወርድበት ፍጥነት በማስመሪያና በሰዓት ይለካል። በብዙ የአሜሪካ ደንቦች 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከ1 እስከ 60 ደቂቃ ከፈጀ አፈሩ ተስማሚ ነው። ከዚያ ከፈጠነ ፍሳሹ ሳይጣራ የከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል፤ ከዘገየ፣ እንደ ዋልካ ባለ አፈር ላይ፣ ክረምት ሲገባ ሣሩ ላይ ይተኛል። ምርመራውን በደረቅ ወቅት ብቻ አድርጎ መተማመን አያዋጣም።

ቦዩ ከውሃ ጉድጓድ መራቅ ያለበት ርቀት እንደየደንቡ ከ15 እስከ 30 ሜትር ይለያያል፤ ቦታ ካለ 30ውን መያዝ ይበጃል። ቦዩ ከጉድጓዱ በቁልቁለት በኩል ይሁን፤ በቦዩ ወለልና በከርሰ ምድር ውሃው መካከልም ደረቅ አፈር ሊኖር ይገባል። ከቤት የሚመጣው ቱቦ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቃል። ታንኩ በውሃ ልክ ይቀመጣል፤ ከመደፈኑ በፊት ውሃ ተሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይታያል። ውሃ በሚያቁር መሬት ላይ ባዶ ታንክ እንደ ጀልባ ሊንሳፈፍ ስለሚችል ሙሉ ሆኖ መቆየቱ ለዚህም ይጠቅማል። ቦዩ ቁልቁለቱን በአግድም አቋርጦ፣ ወለሉ ወጣ ገባ ሳይል ይቆፈራል። ጠጠር ላይ 100 ሚሊ ሜትር የተበሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ እንደገና ጠጠር፣ ከዚያ አፈር እንዳይገባ የሚከለክል ጨርቅ፣ በመጨረሻም አፈር ይለብሳል። ከላዩ ሣር እንጂ ዛፍ አይተከልም፤ መኪናም አይቆምበትም።

በተለመደው ልክ ታንኩ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ በመጣጭ መኪና ይጸዳል። እርሾ ወይም የሚሸጥ ዱቄት መጨመር ማስመጠጡን ያስቀራል የሚሉ አሉ፤ አያስቀርም። ከሰው የሚመጣው ባክቴሪያ ይበቃዋል። በረኪና ምን ያህል እንደሚጎዳው ግን አስተያየቱ ይለያያል፤ በልኩ ከሆነ ችግር የለውም የሚሉ ይበዛሉ። ታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ገዳይ ስለሆነ ማንም አይገባበትም፤ የወደቀን ለማውጣት ተከትሎ የገባም አብሮ ይሞታል። አገልግሎቱ ያበቃ ታንክ ተመጥጦ ወለሉ ይበሳና በአሸዋ ወይም በጠጠር ይሞላል።