ፒታው ሆዱ ካልተነፋ ጥፋቱ የእርሾው አይደለም

ሆዱ እንደ ኪስ የሚከፈተውን ጠፍጣፋ ዳቦ፣ አረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ኹብዝ ይሉታል። እስራኤል ያሉት ፒታ ይሉታል። የሊባኖሱ ሰፊና ስስ ነው፤ የእስራኤልና የፍልስጤሙ አነስ፣ ወፈር ይላል። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው፣ ያውም ፉርሽካው ካልወጣለት ስንዴ ስለሚጋገረው። አንድ ሁለቴ ሞክረው የተዉት ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ተስፋ ያስቆረጣቸው ከዚህም ከዚያም የሰሙት የተሳሳተ ነገር ነው።

«ሆዱን የሚነፋው እርሾ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፒታው ጠፍጣፋ ሆኖ ሲወጣ ሰው በማግስቱ እርሾ ይጨምራል። አሁንም አይነፋም፣ እርሾ እርሾ ማለት ግን ይጀምራል።

እርሾ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ጣዕም ይሰጠዋል። ሆዱን የሚከፍተው ግን እንፋሎት ነው። ሊጡ በደንብ የጋለ ነገር ላይ ሲያርፍ ላዩና ታቹ ቶሎ ይይዛል። መሃሉ ላይ ያለው ውሃ ይፈላል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። መውጫ ሲያጣ ሁለቱን ገጽ ገፍቶ ይለያያቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግለቱን ተመልከቱ። ኦቨኑን እስከ 250 ዲግሪ ክፈቱት። ባዶውን ትሪ ውስጥ አስገብታችሁ ለግማሽ ሰዓት አብሮ ይጋል። ቀዝቃዛ ትሪ ላይ የተቀመጠ ሊጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል እንጂ አይነፋም። ቀጥሎ ውፍረቱ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ዳሩም መሃሉም እኩል ይሁን። ከዳመጣችሁት በኋላ ጨርቅ አልብሳችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉት። ገጹ ላይ ስንጥቅ ወይም እጥፋት ካለ እንፋሎቱ በዚያ ያመልጣል። በሹካ መውጋትማ ጨርሶ አይሆንም። ይህ ሁሉ ከተሟላ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ውስጥ ዓይናችሁ እያየ እንደ ኳስ ይነፋል። እኔ እስከ ዛሬ ኦቨኑ መስታወት ሥር ቁጭ ብዬ ነው የማየው።

«ሙሉ ስንዴ ድንጋይ ይሆናል»

ድንጋይ የሚሆነው ውሃ ሲነፈግ ነው። ፉርሽካ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ያውም ቀስ እያለ። በፉርኖ ዱቄት የለመደ እጅ ያንኑ መጠን ውሃ ያደርግና ሊጡ ትንሽ ቆይቶ ይጠጥርበታል።

እኔ ለ500 ግራም ዱቄት ከ350 እስከ 375 ሚሊ ሊትር ውሃ አደርጋለሁ። ከውሃው ትንሽ አስቀርቼ፣ በቀረው ዱቄቱን ብቻ አርሼ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። ፉርሽካው በዚህ ጊዜ ይለሰልሳል። ከዚያ 7 ግራም ደረቅ እርሾ ባስቀረሁት ውሃ በጥብጬ፣ 10 ግራም ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ፣ 10 ደቂቃ ያህል አሻለሁ። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ዱቄት የሚነሰንሰው። እባካችሁ አትነስንሱ። እጃችሁን ውሃ ወይም ዘይት አስነክታችሁ ቀጥሉ። ኩፍ ሲል ለ8 ድቡልቡል ይበቃል።

ስንዴውን ወፍጮ ቤት የምታስፈጩ ከሆነ ልም ይሁን ብላችሁ ንገሯቸው። ሸካራ ከሆነ ውሃውንም የማሳረፊያ ጊዜውንም ጨምሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን ፉርኖ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። እጃችሁ ሲለምድ ትቀንሳላችሁ።

«ጨው እርሾን ይገድላል»

ዳቦ ላይ የምናደርገው ጨው እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው የሞቀ ውሃ ነው። ከ55 ዲግሪ ካለፈ እርሾው መሞት ይጀምራል። ጣታችሁን ስትነክሩት ለብ ያለ ከሆነ በቂ ነው።

«ኩፍ እንዲል 1 ሰዓት ከተባለ 1 ሰዓት ነው»

ያ ሰዓት የተጻፈው ለሌላ ኩሽና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። በክረምት ደግሞ ብርዱ ያዘገየዋል። ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ። እጥፍ ሲሆን ደርሷል።

«ያለ ኦቨን አይሆንም»

ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ራሱ ጥሩ አድርጎ ይጋግራል። በደንብ ይጋል፣ ዘይት አይቀባ። ታቹ ያዝ ሲያደርግ ገልብጡት፣ ሌላው ጎን ጠቃጠቆ ሲያወጣ እንደገና መልሱት። ካልተነፋ በንጹሕ ጨርቅ ዳር ዳሩን ጫን ጫን አድርጉት። ወፍራም የብረት መጥበሻም ያው ነው።

«ሙሉ ስንዴ ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ይበላል»

ይሄኛው ያሳስበኛል፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሲሉት። 100 ግራም ሙሉ የስንዴ ዱቄት ወደ 340 ካሎሪ አለው፣ ፉርኖው ደግሞ ወደ 360። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥቅሙ አሰሩ ላይ ነው፦ በሙሉው ከ10 ግራም በላይ፣ በፉርኖው 3 ግራም ገደማ። ያጠግባል፣ ሆድ ያላላል። ስኳር ግን ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ መጠኑ መታየት አለበት። ስንዴ ሆዳቸው የማይቀበል የግሉተን ሕመምተኞችም ይሄን መብላት አይችሉም። ሱቅ ስትገዙ ደግሞ ቡናማ ቀለሙን አትመኑት። ቀለም ሊጨመርበት ይችላል፤ ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ።

«ፍሪጅ ውስጥ ይሰነብታል»

ፍሪጅ ዳቦን ከውጭ ይልቅ ፈጥኖ ያጠነክረዋል። እንደወጣ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። የዛሬና የነገውን ውጭ አስቀምጡ፣ የቀረውን ሲቀዘቅዝ በፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ሲፈለግ ቀጥታ የጋለ ምጣድ ላይ ነው። ያልተነፋውንም አትጣሉ። ሊባኖሶች የደረቀ ኹብዝ ቆራርሰው፣ ጠብሰው ሰላጣ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ፋቱሽ ይሉታል። ከቲማቲም፣ ከኪያርና ከሎሚ ጋር ለምሳ ይሆናል።