የመርከብ እራትና የክት ልብስ፦ ለጣና ዳር ሰው

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሄድ ሰው ስለ እራት ልብስ አይጨነቅም። ጉዞው አጭር ነው፤ ቆሎና ውሃ ይበቃል። በውቅያኖስ ላይ የሚጓዙት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ግን ነገራቸው ሌላ ነው። ተሳፋሪው ለሳምንትና ከዚያም በላይ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። በሳምንት ጉዞ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ምሽት «ፎርማል ናይት» ይሆናል። ያን ቀን ዋናው የምግብ አዳራሽ የሚገባው የክት ልብስ ተለብሶ ነው።

ወንዱ ቱክሲዶ ከነፓፒዮኑ፣ ካልሆነም ጠቆር ያለ ሙሉ ልብስ ከክራባት ጋር ይለብሳል። ሴቷ ረጅም የምሽት ቀሚስ ትመርጣለች። በቁምጣ፣ በካኔተራ ወይም በነጠላ ጫማ የመጣ በር ላይ በትህትና ይመለሳል። ጦሙን ግን አያድርም። ቡፌው ክፍት ነው፤ እዚያ ማንም ክራባት አይጠይቅም።

ልማዱ የወረደው አትላንቲክን ያቋርጡ ከነበሩት የድሮ መርከቦች ነው። የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ በየማታው ለእራት ይለብስ ነበር። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምሽት ብቻ ነጻ ነበር፤ በአንዱ ሻንጣው ገና አልተፈታም፣ በሌላው ደግሞ ታስሯል። ትልልቆቹ ሳጥኖች «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዱ ነበር። የእራት ልብሱ ግን ከባለቤቱ አይለይም።

ዛሬ ሕጉ ላልቷል። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «እንደፈለጋችሁ ልበሱ» ወደሚል አሠራር ዞሯል። የካርኒቫል መርከቦች ቱክሲዶ ግድ አይሉም። ጠበቅ ያለው ኩናርድ የሚባለው ኩባንያ ነው፤ በነ«ኩዊን ሜሪ 2» መርከቦቹ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አለባበስ ይቀየራል፣ የክት ልብስ የሚለበስበት የጋላ ምሽትም አለ። እኔ ለመላላቱ አንዱ ምክንያት አውሮፕላን ነው እላለሁ። ወደቡ ድረስ በርሮ ለሚመጣ ሰው፣ በኪሎ በሚመዘን ሻንጣ ላይ ለአንድ ማታ ብሎ ቱክሲዶ መጨመር ይከብዳል።

ውጭ ያሉ ልጆቹ «እማዬ፣ አባዬ፣ በመርከብ እናዝናናችሁ» ላሉት የባሕር ዳር ቤተሰብ ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው፦ ኩናርድን የመሰሉት መርከቦች የአገር ባህል የክብር ልብስን ይቀበላሉ። ጥሩ ጥበብ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ለአባት እጀ ጠባብ ከነኩታው ያስከብራል። ቱክሲዶ መከራየት ለምኔ!

አለባበሱማ ጣና ላይም ሕግ አለው፤ የሚጠብቀው በጀልባው ላይ ሳይሆን በገዳሙ ደጃፍ ነው። ጀልባው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መውረጃ ሲጠጋ ነጠላዎች ከቦርሳ ይወጣሉ። ሴቶቹ ራሳቸውን ሸፍነው፣ ጥበቡን በግራና በቀኝ ትከሻ አመሳቅለው ያስተካክላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ሴት ሱሪ ለብሳ ብትመጣ አንዷ ነጠላ ታውሳት ይሆናል፣ እሱን ታገለድማለች። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ ግን ልብስ አይረዳም፤ ሴት አትገባም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናት።

በመርከቡ አዳራሽ ነጠላውን ለቅሶ እንደሚኬድበት፣ ጥበቡን ወደ ላይ አዙሮ ቢለብሱት ልብ የሚል ፈረንጅ የለም። ሌላ የአገር ሰው ከተሳፈረ ግን «ማን ሞተባችሁ?» መባል አይቀርም።

ችግሩ ሽብሸባው ነው። ሻንጣ ውስጥ የሰነበተ ቀሚስ ሳይተኮስ አይለበስም፤ ካውያ ደግሞ እሳት ስለሚፈሩ በመኝታ ክፍል ክልክል ነው፣ ይዘው ቢገኙ ይወሰዳል። አንዳንዱ መርከብ የጋራ መተኮሻ ክፍል አለው። ከሌለው ለላውንደሪ ከፍሎ ማስተኮስ ነው፤ እሱንም ከፎርማል ናይት በፊት፣ ወረፋው ሳይበዛ።